ሰውና መሣሪያ በአንድ ቀንበር

የሰው ልጅ ከእንስሳነት ደረጃ ተላቆ ሰው ሊሆን የበቃው መሣሪያን በመሥራትና በመሣሪያ በመጠቀም እንደሆነ የኅብረተሰብ ዕድገት ታሪክ ያስረዳናል። ድንጋዩን ፈልጦ መጥረቢያ ያደረገው፣ ከብረት ማረሻ ያወጣው፣ የእንፋሎትንና የኤሌክትሪክን ኃይል ለሥራ ያሰለፈው የሰው እጅና የሰው አእምሮ ነው። በዚህ ረጅም ጉዞ ውስጥ ደጋግሞ የተነሣ አንድ መሠረታዊ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም መሣሪያው ለሰው ይስተካከል ወይስ ሰው ለመሣሪያው ይስተካከል የሚለው ነው። ለጥያቄው መልስ የሚሰጠው ሳይንስ ብቻውን አይደለም። የመሣሪያው ባለቤት ማን ነው? የምርምሩ ገንዘብስ ከማን ካዝና ወጥቶ ለምን ዓላማ ይውላል? መልሱ የሚገኘው ከዚህ ላይ ነው።

በአሁኑ ዘመን ይህ ጥያቄ ከፋብሪካው ይልቅ በጦር ሰፈሩ ውስጥ ጎልቶ ይታያል። በኃያላን መንግሥታት የጦር በጀት ውስጥ ‹‹የሰውን ብቃት ማሳደግ›› እና ‹‹የሰውና የመሣሪያ ቅንጅት›› የሚባሉ ሁለት የምርምር ዘርፎች ከዓመት ወደ ዓመት ሥር እየሰደዱ መጥተዋል። የመጀመሪያው ወታደሩ እንቅልፍ ሳያሸንፈው፣ ድካም ሳይጥለው፣ ፍርሃት ሳይበግረው እንዲዋጋ ለማድረግ የሚጥር ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከኮምፒዩተርና ከሰው አልባ አውሮፕላን ጋር እንደ አንድ አካል ሆኖ እንዲሠራ ያልማል። በዚህ ጽሑፍ ጉዳዩን በተለይ ከአሜሪካ አንጻር እንመለከተዋለን፤ ምክንያቱም ለምርምሩ ከፍተኛ ገንዘብ የሚፈስሰው እዚያ ነው፤ ለሕዝብ ይፋ የሆኑ ሰነዶችና የፍርድ ቤት መዝገቦችም በብዛት የሚገኙት እዚያው ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወታደራዊ ገንዘብ የሰውን አካል መለካትና ማፋጠን የጀመረው በኮምፒዩተር ዘመን አለመሆኑን በቅድሚያ መገንዘብ ያስፈልጋል። በ1911 በማሳቹሴትስ ግዛት በዋተርታውን ከተማ የአሜሪካ ጦር ሠራዊት የመድፍ ሠረገላ የሚያሠራበት ፋብሪካ ነበረው። የሠራዊቱ የጦር መሣሪያ መምሪያ ኃላፊ የነበሩት ጄኔራል ዊልያም ክሮዚየር ‹‹ሳይንሳዊ አስተዳደር›› በሚል ስም የሚታወቀውን የፍሬድሪክ ቴይለርን ዘዴ ወደዚህ ፋብሪካ አስገቡ። የዘዴው አሠራር ለማንም ግልጽ ነው። ሯጮች የሚለኩበትን ዓይነት ሰዓት የያዘ ሰው ከሠራተኛው አጠገብ ይቆማል። ሠራተኛው እጁን ያነሣበትን፣ አካፋውን ያስገባበትን፣ ላቡን የጠረገበትን ሴኮንድ ሁሉ ይመዘግባል። ‹‹ትርፍ›› ነው ያለውን እንቅስቃሴ ይሠርዛል። ከዚያም ይህ ሥራ ይህን ያህል ደቂቃ ብቻ ይፈጃል ብሎ ይበይናል።

በዚያው ዓመት በኦገስት ወር፣ ብረት አቅልጠው በቅርጽ የሚያፈስሱት ወዛደሮች ሰዓቱ በመካከላቸው እንደቆመ ሥራቸውን ጥለው ወጡ። ለዓመታት የተካኑበትን ሙያ ሙያውን የማያውቅ ሰው በሴኮንድ እየቆራረጠ እንዲለካው መደረጉን ክብራቸውን የሚነካ ሆኖ አገኙት። አድማው የቆየው አንድ ሳምንት ያህል ብቻ ነው። ውጤቱ ግን ከአንድ ሳምንት አልፏል። የተወካዮች ምክር ቤት ልዩ ኮሚቴ አቋቁሞ ነገሩን መረመረ፤ ቴይለር ራሱ በ1912 ከኮሚቴው ፊት ቀርቦ ቃሉን ሰጠ፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶም ኮንግረስ በጦር ፋብሪካዎች ውስጥ ሠራተኛን በሰዓት ለመለካት ገንዘብ እንዳይወጣ የሚከለክል አንቀጽ በበጀት ሕጉ ውስጥ አስገባ። አንቀጹ እስከ 1949 ድረስ ጸንቶ ቆይቷል። ጥቂት ብረት አቅላጮች በአንድ ሳምንት እምቢታ ከሠላሳ ዓመት በላይ የዘለቀ ሕግ አስገኙ ማለት ነው።

የዋተርታውን ወዛደር ይህን ድል ያገኘው የሳይንስ ጠላት ስለነበር አይደለም። ማኅበር ስለነበረው፣ መሣሪያውን አስቀምጦ የመውጣት አቅምም ስለነበረው ነው። ወታደሩ ግን ይህ የለውም። ወታደር ሥራውን ጥሎ ቢወጣ አድማ መታ አይባልም፤ ከዳ ይባላል። ስለሆነም የሰውን ብቃት ‹‹የማሻሻል›› ምርምር ከወዛደሩ ወደ ወታደሩ ሲዛወር፣ የተዛወረው እምቢ ለማለት ከሚችለው ሰው እምቢ ለማለት ወደማይችለው ሰው ነው። የጉዳዩ ቁልፍ ይህ ይመስለናል።

የዚህ ዝውውር አስከፊ ገጽታ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ታይቷል። የናዚ ጀርመን ጦር በ1940 ከኤፕሪል እስከ ጁላይ ባሉት ወራት ብቻ ፔርቪቲን የተባለውንና መሰሉን የማነቃቂያ ኪኒን 35 ሚሊዮን ያህል ፍሬ ለወታደሮቹ አከፋፍሏል። ኪኒኑ ሜታምፌታሚን ነበር፤ ዛሬ በመላው ዓለም አደገኛ ዕፅ ተብሎ የሚወገዘው ያው ነገር ማለት ነው። ታንክ ነጂው ሌሊትና ቀን ሳይተኛ ወደ ፈረንሣይ ገሠገሠ። ከዚያ በኋላ ግን ሱስና የአካል መድቀቅ ስለተከተለ የናዚ መንግሥት ራሱ በ1941 መድኃኒቱን በአደንዛዥ ዕፅ ሕግ ሥር ለማዋል ተገደደ።

ይህ የፋሺስቶች ወንጀል ነው ተብሎ እንዳይታለፍ ወደ ቅርቡ ዘመን እንምጣ። በኤፕሪል 17 ቀን 2002 ሌሊት ከአፍጋኒስታን ከተማ ከቃንዳሃር አጠገብ ታርናክ ፋርም በሚባል ሥፍራ የካናዳ ወታደሮች የተኩስ ልምምድ ያደርጉ ነበር። ከላይ ያልፉ የነበሩ ሁለት የአሜሪካ ኤፍ-16 አብራሪዎች ብልጭታውን የጠላት ተኩስ ነው ብለው ስላመኑ አንደኛው ቦምብ ጣለ። አራት ካናዳውያን ሞቱ፤ ስምንት ቆሰሉ። አብራሪዎቹ በረጅም በረራ ላይ ነቅተው እንዲቆዩ በአየር ኃይሉ የታደለ የአምፌታሚን ኪኒን ወስደው እንደነበር ጠበቆቻቸው ለመርማሪው ችሎት አስረዱ። አየር ኃይሉ በበኩሉ ጥፋቱ የአብራሪዎቹ ነው አለ፤ ቦምቡን የጣለው አብራሪም በ2004 ግዴታውን ባለመወጣት ጥፋተኛ ተብሎ ተወገዘ፤ ከደመወዙም ተቀጣ።

በወቅቱ ይፋ ከወጡት ነገሮች ውስጥ አንባቢ በጥሞና እንዲያየው የምንፈልገው አንድ ቅጽ አለ። አብራሪዎች ኪኒኑን ከመውሰዳቸው በፊት የሚፈርሙበት ቅጽ ነው። መድኃኒቱን መውሰድ በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ መሆኑን ቅጹ ይገልጻል። ቀጥሎ ደግሞ፣ አስፈላጊ ሆኖ ሳለ አልወስድም ያለውን አብራሪ የበላይ አዛዡ በሐኪም ምክር ለዚያ ግዳጅ ብቁ አይደለም ብሎ ሊያግደው እንደሚችል ያስታውቃል። ለአንድ ተዋጊ አብራሪ ከበረራ መታገድ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለማንም የተሰወረ አይደለም። እንዲህ ያለውን ፈቃድ ‹‹ነፃ ፈቃድ›› ብሎ መጥራት፣ መሬት የሌለው ጭሰኛ ከባላባቱ ጋር በነፃ ተስማማ ከማለት አይለይም።

ሕጉስ ለዚህ ወታደር ምን ከለላ ሰጠው? የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1950 በሰጠው ውሳኔ መሠረት ወታደር በአገልግሎት ላይ ሳለ ለደረሰበት ጉዳት መንግሥትን ሊከስስ አይችልም። ይህ ውሳኔ ምን ዓይነት ነገር እንደሸፈነ የሚያሳየው የሳጅን ጄምስ ስታንሌይ ጉዳይ ነው። ሳጅኑ በ1958 የመከላከያ ልብስና ጭምብል ለመሞከር ፈቃደኛ ሆኖ ቀረበ። ሳያውቅ ኤልኤስዲ የተባለ አእምሮን የሚያዛባ መድኃኒት በመጠጥ ውስጥ አጠጡት። ምን እንደተደረገበት ያወቀው ከአሥራ ሰባት ዓመት በኋላ በ1975፣ ሠራዊቱ ራሱ ለክትትል ጥናት ተባበረን ብሎ ደብዳቤ ሲጽፍለት ነው። ትዳሩ ፈርሶ፣ ጤናው ተናግቶ ፍርድ ቤት ቆመ። በ1987 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ ካሣ አይገባህም አለው። ከሐሳቡ የተለዩት ዳኞች የናዚ ሐኪሞች በኑረምበርግ የተዳኙት በምን እንደነበር ለማስታወስ ተገድደዋል። ሳጅኑ ዘግይቶ ካሣ ያገኘው ኮንግረስ ለእሱ ብቻ ባወጣው ልዩ ሕግ ነው። ከ1955 እስከ 1975 በኤጅውድ የጦር ሠፈር በተካሄደው በዚህ የሙከራ ፕሮግራም ከ250 በላይ ዓይነት ኬሚካሎች የተሞከሩባቸው ወታደሮች ቁጥር ወደ 7 ሺህ ይጠጋል። የ1950ው ውሳኔ ዛሬም አልተሻረም፤ በ2019 መጨረሻ የወጣ ሕግ ለሕክምና ስህተት ብቻ ጠባብ የካሣ በር ከፍቷል።

የ1991ው የባሕረ ሰላጤ ጦርነት ሲቃረብ ደግሞ ፈቃድ መጠየቁም ጭራሽ ቀረ። የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤቱ በዲሴምበር 1990 ባወጣው ደንብ የጦር ሚኒስቴሩ ወታደሮቹን ሳያስፈቅድ ለዚህ ዓላማ ያልጸደቀ መድኃኒት እንዲሰጥ አስቻለው። የነርቭ ጋዝ ይከላከላል ተብሎ ከተሰጡት ኪኒኖች አንዱ ቆይቶ ለብዙ ሺህ ዘማቾች የማያቋርጥ ሕመም ምክንያት ከሆኑት አንዱ ሳይሆን እንዳልቀረ በመንግሥት የተቋቋመ የአማካሪዎች ኮሚቴ በ2008 አስታውቋል።

አሁን ወደ ምርምሩ ማዕከል እንሂድ። የሶቪየት ኅብረት የመጀመሪያዋን ሰው ሠራሽ ሳተላይት በኦክቶበር 1957 ባመጠቀች በአራት ወር ውስጥ የአሜሪካ መንግሥት ዛሬ ዳርፓ በሚል አህጽሮት የሚታወቀውን የመከላከያ የምርምር ድርጅት አቋቋመ። በ1960 የሰውንና የኮምፒዩተርን የኑሮ ጓደኝነት የሚተነብይ ጽሑፍ ያሳተመው የሥነ ልቡና ሊቅ ሊክላይደር በ1962 ወደዚህ ድርጅት ገብቶ ገንዘብ አከፋፋይ ሆነ። ከዚያ ካዝና ብዙ ቁምነገር ወጥቷል፤ ዛሬ ዓለምን ያገናኘው ኢንተርኔት የተጠነሰሰው እዚያ መሆኑን አንክድም። ስለ ሊክላይደር ጽሑፍ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አንድ ነጥብ ግን አለ። ሊቁ ይህ ጓደኝነት ዘላለማዊ ነው አላለም፤ መሣሪያው ብቻውን እስኪችል ድረስ የሚቆይ የሽግግር ዘመን ሊሆን እንደሚችል በግልጽ አስፍሯል።

ከምርምሩ ውስጥ የከሸፈውም ብዙ ነው። በ1960ዎቹ ዓመታት ጄኔራል ኤሌክትሪክ በጦር ሠራዊቱና በባሕር ኃይሉ ገንዘብ ሰው የሚለብሰው፣ ጉልበቱን ብዙ እጥፍ የሚያበዛ የብረት አካል ለመሥራት ሞከረ። ክብደቱ 680 ኪሎ ገደማ ሆነ። በቅጡ ሊሠራ የቻለው አንድ ክንዱ ብቻ ነበር፤ ሙሉው አካል ሲንቀሳቀስ ሰው ሊቆጣጠረው በማይችል ኃይል ይወራጭ ስለነበር ሰው ወደ ውስጡ ለማስገባት አልተደፈረም።

በ2000ዎቹ መጀመሪያ የዳርፓን የመከላከያ ሳይንስ ክፍል ይመሩ የነበሩት ሰው ከዚያ ቀደም የማክዶናልድስ የሳይንስ ኃላፊ ነበሩ። የሃምበርገር ኩባንያ ሰው የወታደርን ሥጋ ለማሻሻል መሾሙ ለቀልድ የሚመች ቢሆንም እኛ አንቀልድበትም፤ ሁለቱም ሥራዎች ተመሳሳይ ጥራት ያለው ዕቃ በብዛት ማቅረብን ይጠይቃሉና። በዚያን ጊዜ ከተወጠኑት ፕሮግራሞች አንዱ ወታደሩ እስከ ሰባት ቀን ሳይተኛ ብቃቱን ሳያጣ እንዲቆይ ማድረግን ያለመ ነበር። መጨረሻው ምን ሆነ? ለጦር ሚኒስቴሩ የሚያማክሩት ጄሰን በመባል የሚታወቁት ሳይንቲስቶች በ2008 ባቀረቡት ጥናት የወታደርን ብቃት ከሁሉ በፊት የሚጎዳው በአስጨናቂ ሁኔታ ውስጥ የሚደርስበት መዳከም፣ በተለይም እንቅልፍ ማጣት መሆኑን አረጋገጡ። የደከመው ሰው ይተኛ ዘንድ ያስፈልገዋል ማለታቸው ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሰብል ሲጠብቅ ያደረ ማንኛውም ገበሬ ይህን ያለ አማካሪ ያውቀዋል።

ይህን ስንል ከምርምሩ የሚገኘውን ጥቅም ሁሉ በጅምላ እናወግዛለን ማለት አይደለም። እጁን በጦርነት ላጣ ሰው በአእምሮና በጡንቻ ትእዛዝ የሚንቀሳቀስ ሰው ሠራሽ ክንድ ለመሥራት ዳርፓ በ2006 የጀመረው ፕሮግራም በ2014 የመንግሥት ፈቃድ አግኝቶ በ2017 ለመጀመሪያዎቹ የጦር ጉዳተኞች ተሰጥቷል። ይህ የሚያኮራ የሰው ልጅ ሥራ ነው። ከዚሁ ፕሮግራም ጋር የተያያዘ አንድ ታሪክ ደግሞ የነገሩን ሁለት ገጽታ በአንድ ሰው ላይ ያሳየናል። ከአንገቷ በታች መንቀሳቀስ የማትችል አንዲት የፒትስበርግ ሴት በ2012 በፈቃዷ አንጎሏ ውስጥ ኤሌክትሮዶች አስተከለች። በሐሳቧ ብቻ የብረት ክንድ አንቀሳቅሳ ቸኮላት ወደ አፏ አደረሰች፤ ዓለምም አደነቀ። ከዚያ በኋላ እነዚያው ኤሌክትሮዶች ከኤፍ-35 ተዋጊ አውሮፕላን የበረራ ማስመሰያ ጋር ተገናኙ፤ ሴትዮዋም አውሮፕላኑን በሐሳቧ አበረረች። ይህን በ2015 ያስታወቁት የዳርፓ ዳይሬክተር ናቸው። ሴትዮዋ ሙከራውን በደስታ እንዳደረገችው እናውቃለን፤ ለዓመታት ከወንበር ያልተነሣ ሰው መብረር ቢመኝ ማን ይፈርድበታል? እኛ የምንጠይቀው ሌላ ነገር ነው። ከቸኮላቱ ወደ ተዋጊው አውሮፕላን የሚወስደው መንገድ እንዴት ይህን ያህል አጭር ሆነ? መልሱ ኤሌክትሮዱን የገዛው ማን እንደሆነ ከማወቅ ይጀምራል። በ2013 የአሜሪካ መንግሥት የሰውን አንጎል ምሥጢር ለመመርመር ታላቅ ዘመቻ ሲያውጅ፣ ለመጀመሪያው ዓመት ከታሰበው 100 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ውስጥ ግማሹ ማለትም 50 ሚሊዮኑ ከዳርፓ የሚመጣ ነበር። ሽባ የሆነ ሰው ክንድ ለማግኘት የጦር ሚኒስቴርን ደጅ እንዲጠና ያደረገው የሳይንስ ሕግ አይደለም፤ የበጀት ድልድል ነው።

‹‹ቅንጅት›› ወደሚባለው ሁለተኛው ዘርፍ ስንሸጋገር ቃሉን ራሱን መመርመር ይኖርብናል። በምርምር ሰነዶቹ ውስጥ ሰውና መሣሪያ ‹‹አጋሮች››፣ ‹‹የቡድን ጓዶች›› እየተባሉ ይጠራሉ። ነገር ግን ሁለት በሬዎች በአንድ ቀንበር ሲውሉ ተባበሩ አይባልም፤ ተጠመዱ ነው የሚባለው። ከኋላቸው ጅራፍ የያዘ አለ፤ የማሳው ምርትም የእነሱ አይደለም። እርፍ የጨበጠውን ሳይጠቅሱ ስለ ጥማዱ ስምምነት ብቻ ማውራት አንባቢን ማሳሳት ነው።

በማርች 23 ቀን 2003 በኢራቅ ጦርነት መጀመሪያ ላይ የሆነውን እንይ። አንድ የእንግሊዝ ቶርኔዶ አውሮፕላን ግዳጁን ፈጽሞ ወደ ኩዌት ሲመለስ በአሜሪካ ፓትሪየት ሚሳይል ተመታ፤ ሁለቱም በራሪዎች ሞቱ። የፓትሪየቱ ኮምፒዩተር የወዳጅን አውሮፕላን ራዳርን አሳድዶ የሚመታ የጠላት ሚሳይል ነው ብሎ መድቦት ነበር። ከመሣሪያው ጀርባ የነበሩት ወታደሮች ለመወሰን የነበራቸው ጊዜ አንድ ደቂቃ ያህል ነው። ከአሥር ቀን በኋላ፣ በኤፕሪል 2፣ ሌላ ፓትሪየት የአሜሪካን ባሕር ኃይል ኤፍ-18 አውሮፕላን መትቶ አብራሪውን ገደለ። የጦር ሚኒስቴሩ የሳይንስ ቦርድ በ2005 ባወጣው ዘገባ የፓትሪየት አሠራር በአብዛኛው ራስ-ሠር መሆኑን፣ ሠራተኞቹም የኮምፒዩተሩን ፍርድ እንዲያምኑ ተደርገው መሠልጠናቸውን ገልጿል። አንድ ወጣት ወታደር መሣሪያውን እመን እየተባለ ይሠለጥናል፤ አንድ ደቂቃ ይሰጠዋል፤ መሣሪያው ሲሳሳት ግን ‹‹ውሳኔው የሰው ነበር›› ይባላል። ሰው በመዋቅሩ ውስጥ የቀረው ለመወሰን ነው ወይስ ለመጠየቅ?

የባሕሩም ታሪክ ከዚህ አይለይም። በኦገስት 21 ቀን 2017 በሲንጋፖር አጠገብ ጆን ማኬን የተባለው የአሜሪካ የጦር መርከብ ከአንድ ነዳጅ ጫኝ መርከብ ጋር ተጋጭቶ አሥር መርከበኞች ሞቱ። የመርከቡ መሪና የፍጥነት መቆጣጠሪያ በጣት በሚነካ የመስታወት ገጽ ላይ የሚሠራ አዲስ ሥርዓት ነበር። መሪውን የያዘው መርከበኛ ሥራው እንዲቀልለት የፍጥነቱን መቆጣጠሪያ ወደ ጎረቤት ጠረጴዛ ለማዛወር ሲሞከር፣ ማንም ሳያስተውል መሪውም አብሮ ተዛወረ። መርከበኛው መሪው የጠፋበት መሰለው። ፍጥነት ይቀንስ ሲባል ደግሞ የሁለቱ ማሽከርከሪያዎች ትእዛዝ ተነጣጥሎ ስለነበር የቀነሰው አንዱ ብቻ ሆነ፤ መርከቡም በራሱ ወደ አደጋው ዞረ። በ2018 አዛዡና ሠራተኞቹን የማሠልጠን ኃላፊነት የነበረበት አንድ የበታች ሹም በጦር ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተባሉ። የአገሪቱ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ግን በ2019 ለአደጋው ዋነኛ ምክንያት የባሕር ኃይሉ የቁጥጥር ጉድለትና ያስከተለው የሥልጠና ማነስ መሆኑን፣ የመስታወቱ ሥርዓት አሠራርም አስተዋጽኦ ማድረጉን አስታወቀ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚባለው፣ ሥርዓቱን የገዛውና ያስገዛው ሳይነካ ፍርዱ ቀድሞ መርከቡ ላይ በነበሩት ላይ ወደቀ።

ዛሬ የምርምሩ አቅጣጫ ይህን ቅራኔ በምን ሊፈታው አስቧል? በኦገስት 2020 ዳርፓ ባዘጋጀው ውድድር አንድ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በኮምፒዩተር ማስመሰያ ውስጥ ልምድ ያለውን የኤፍ-16 አብራሪ አምስት ለዜሮ አሸነፈ። በ2023 ደግሞ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚመራ እውነተኛ አውሮፕላን፣ ለጥንቃቄ ሰው ተሳፍሮበት፣ በካሊፎርኒያ ሰማይ ላይ ሰው ካበረረው ኤፍ-16 ጋር የአየር ፍልሚያ ልምምድ አደረገ። የዚህ ፕሮግራም ዓላማ ተብሎ በይፋ የተገለጸው የአብራሪውን እምነት ማሳደግ ነው። ስለዚህም አብራሪው መሣሪያውን ምን ያህል እንደሚያምን በአካሉ ላይ በሚለጠፉ መለኪያዎች ይመዘገባል። የዋተርታውን ሰዓት እጅን ይለካ ነበር፤ ይህኛው የሚለካው እምነትን ነው። የፓትሪየት ወታደሮች የጎደላቸው ግን እምነት አልነበረም።

በ2021 የእንግሊዝና የጀርመን የመከላከያ ሚኒስቴሮች በጋራ ባወጡት ጥናት ታንክና አውሮፕላን በወታደራዊ ቋንቋ ‹‹ፕላትፎርም›› እንደሚባሉ ሁሉ ሰውንም እንደ አንድ ፕላትፎርም ማሰብ እንደሚያስፈልግ አስፍረዋል። ከዚያ በፊት በዲሴምበር 2020 የፈረንሣይ የመከላከያ ሥነ ምግባር ኮሚቴ ምርምሩን ሳይከለክል፣ የወታደሩን ነፃ ፈቃድ የሚነጥቅ ወይም ወደ ሲቪል ሕይወት መመለሱን የሚያሰናክል ማሻሻያ እንዳይደረግ መክሯል። የሁለተኛው አቋም ከመጀመሪያው የተሻለ መሆኑን እንመሰክራለን፤ ምክር እንጂ ሕግ አለመሆኑንም አብረን እናስታውሳለን።

ገንዘቡን በተመለከተ ጥቂት አሃዞች ይበቃሉ። የዳርፓ ዓመታዊ በጀት 4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነው። በ2024 ዓለም በጠቅላላ ለጦር ያወጣው፣ የስቶክሆልሙ የሰላም ምርምር ተቋም እንዳሰላው፣ 2 ሺህ 718 ቢሊዮን ዶላር ነው። በማርች 2021 የአሜሪካ ጦር ሠራዊት መረጃን በዓይን ፊት የሚደቅን የወታደር መነጽር እንዲያቀርብለት ከማይክሮሶፍት ጋር በአሥር ዓመት ውስጥ እስከ 21.9 ቢሊዮን ዶላር ሊደርስ የሚችል ውል ተፈራረመ። በ2022 በተደረገው ሙከራ መነጽሩን ያጠለቁ ወታደሮች ራስ ምታት፣ የዓይን ድካምና ማቅለሽለሽ ደረሰብን አሉ። በ2025 ሥራው አንዱሪል ለተባለ ሌላ የጦር መሣሪያ ኩባንያ ተላለፈ። ራሱን ያመመው ወታደር ከኩባንያ ወደ ኩባንያ በሚተላለፈው በዚህ ውል ውስጥ ፈራሚ አይደለም።

እምቢታው ግን ከናካቴው አልጠፋም። ጎግል ከጦር ሚኒስቴሩ ጋር በ2017 በተጀመረው ማቨን በተባለው ፕሮጀክት ሰው አልባ አውሮፕላኖች የሚያነሡትን ምስል በሰው ሠራሽ አስተውሎት ሲተነትን እንደነበር ሲታወቅ፣ በ2018 ከ3 ሺህ በላይ የኩባንያው ሠራተኞች ተቃውሟቸውን በፊርማቸው ገለጹ። ኩባንያው ውሉን እንደማያድስ ለማስታወቅ ተገደደ፤ ለጦር መሣሪያ እንደማይሠራም ቃል ገባ። በ2019 የማይክሮሶፍት ሠራተኞችም በመነጽሩ ውል ላይ ተመሳሳይ ጥያቄ አነሡ፤ የእነሱ ግን ተቀባይነት አላገኘም። የጎግልም ቃል ከሰባት ዓመት አላለፈም፤ በፌብሩዋሪ 2025 ከመመሪያው ውስጥ ተሠርዟል። በሕግ የተጻፈው የዋተርታውን እገዳ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሲቆይ በኩባንያ በጎ ፈቃድ የተጻፈው በሰባት ዓመት መሻሩ፣ ትግሉ ወዴት ማነጣጠር እንዳለበት ያመለክታል።

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በዲሴምበር 2023 ራሳቸውን ችለው ስለሚገድሉ መሣሪያዎች ያሳሰበውን ውሳኔ 152 አገሮች ደግፈውታል፤ አራት ተቃውመውታል። በዓመቱ የደጋፊዎቹ ቁጥር 166 ደርሷል። ይህ በጎ ጅምር ነው። የውሳኔዎቹ ርእስ ግን መሣሪያው ነው። በመሣሪያው ሌላኛው ጫፍ ስለተጠመደው ሰው፣ ማለትም ስለ ኪኒኑ፣ ስለ ኤሌክትሮዱ፣ ስለ አንድ ደቂቃው፣ ዓለም አቀፍ ውል እንዲረቀቅ ከአሁኑ መጠየቅ ይገባል። እንደ እኛ እምነት የውሉ ይዘት ሩቅ አይደለም። ማንኛውም ወታደር አካሉን የሚነካ ሙከራንና መድኃኒትን ያለ ቅጣት እምቢ የማለት መብት ይኑረው። ለጉዳቱ በፍርድ ቤት ይጠይቅ። መሣሪያው ሲሳሳት ያሠራውና የገዛው አካል ከተኳሹ እኩል ይመርመር። አዲስ ሥርዓት ወደ ጦሩ ከመግባቱ በፊትም የሚሠራበት ሰው ይጠየቅ።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ የማይቻል ነገር አይደለም። ከማኬን አደጋ በኋላ የአሜሪካ ባሕር ኃይል መርከበኞቹን ጠይቋል። አብዛኞቹ የመለሱት በመስታወት ላይ ከሚነካው ይልቅ በእጅ የሚጨበጠው የፍጥነት ዘንግ ይመለስልን ብለው ነው። ባሕር ኃይሉም ዘንጉን በመርከቦቹ ላይ መልሶ እንደሚገጥም በኦገስት 2019 አስታወቀ።